ጠፍር፣ ቁርበት፣ ጀንዲ፣ አጎዛ፦ የመቀመጫ ቆዳን የመምረጥ ዕውቀትና የባለሙያዎቹ ታሪክ



የዛሬው ገለጻ የሚነሣው ከአንድ ተራ ጥያቄ ነው። በወልቂጤ ወይም በቡታጅራ የቤት ዕቃ መሸጫ የገባ ሰው ሶፋውን ዳሰስ አድርጎ «ሌዘር ነው?» ይላል። ሻጩም «አዎን፣ ሌዘር ነው» ይለዋል። ሻጩ ዋሽቷል ለማለት አልደፍርም፤ በገበያችን ቋንቋ ቆዳ የሚመስል ነገር ሁሉ «ሌዘር» ሆኗልና። እኔም ከዓመታት በፊት እንዲሁ ጠይቄ፣ እንዲሁ ተመልሶልኝ ገዛሁ። በአራተኛው ዓመት የመቀመጫው ገጽ ተላጥቶ ከሥሩ ነጭ ጨርቅ ብቅ አለ። በዚያው ቤት ከአያቴ የወረስሁት ጀንዲ አለ፤ ዕድሜው ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል፤ ዛሬም እንግዳ ሲበዛ ተነጥፎ ይተኛበታል። ስለዚህ ጥያቄው የገበያ ብቻ ሳይሆን የታሪክም ነው፦ ቆዳን በየግልጋሎቱ ለይቶ የሚያውቅ ኅብረተሰብ፣ ቆዳን ከጨርቅ መለየት የማይችል ገዢ እንዴት ሆነ?

አስቀድመን ቃላቱን እንመልከት። አማርኛ ለመቀመጫና ለመኝታ ቆዳ አንድ ስም ብቻ አልሰጠም። ጠፍር ያልለፋ የከብት ቆዳ ነው፤ እርጥብ ሳለ በቀጭኑ ተተልትሎ በአልጋው ወይም በወንበሩ እንጨት ላይ ይወጠራል፤ ሲደርቅ ይኮማተርና እየጠበቀ ይሄዳል። ተግባሩ ሸክም መቻል ነው፤ ስለዚህ ማልፋት ያበላሸዋል እንጂ አያሻሽለውም። ቁርበት ደርቆ የቀረ የበሬ ቆዳ ነው፤ መሬት ላይ ይነጠፋል፤ እህልም ይሰጣበታል። ጀንዲ ግን ሰው የሚተኛበት ነውና የለፋ፣ ሰፊና ወፍራም የበሬ ቆዳ ይሻል። አጎዛ ከነጸጉሩ የተዘጋጀ የበግ ሌጦ ነው፤ ከጠንካራው መደብ ወይም ወንበር ላይ ሆኖ ያለሰልሳል፣ ያሞቃል። የሚሸከም፣ የሚነጠፍ፣ ገላ የሚነካ፣ የሚያለሰልስ፤ አራቱም በየቦታቸው ናቸው። ይህ የቃላት ክምችት ብቻ ሳይሆን የተሟላ የመምረጫ ሥርዓት ነው።

ይህን ሥርዓት የያዙት እነማን ነበሩ? የቋንቋችን መልስ አሳፋሪ ነው። «ፋቂ» የሚለው ቃል በቅድሚያ የሥራ ስም ነው፤ ከቆዳው የውስጥ ወገን ሥጋና ሞራ መፋቅ የመጀመሪያው ደረጃ ነውና። እኛ የሥራውን ደረጃ ስም ወስደን ስድብ አደረግነው። በአንጻሩ «ለፋ» የሚለው ግስ ሁለት ትርጉም አለው፦ ቆዳው ለሰለሰ፣ ሰውየውም ደከመ። በእምቧይ ፍሬ፣ በዕፅዋት ቅርፊትና በቅባት እያሹ፣ ለብዙ ቀናት በእግር እየረገጡ ቆዳ ማልፋትን ያየ ሰው፣ ቋንቋው ሁለቱን ለምን በአንድ ቃል እንደጠራቸው አይጠፋውም።

ዊሊያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው የታወቀ ጥናት፣ የእንጨት፣ የብረትና የቆዳ ባለሙያዎች ከገበሬው ማኅበረሰብ ተለይተው ይኖሩ እንደነበር፣ መሬት እንዳይዙና ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ በልማድ ይከለከሉ እንደነበር መዝግቧል። ነገሩ የጉራጌ ብቻ አልነበረም፤ በደጋው ኢትዮጵያ ሁሉ ተመሳሳይ ንቀት ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ ማውጣታቸው ራሱ ስድቡ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደነበር ይመሰክራል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ በበኩሉ በሕግ ፊት የመሬቱን አጥር አፈረሰ። የልብን አጥር ግን ዐዋጅ ብቻውን አያፈርስም። በዚህ ምክንያት በጀንዲው ተኛን፣ በጠፍሩ ወንበር ተቀመጥን፤ ዕውቀቱን ግን ከባለቤቱ ለመማር አልተቀመጥንም። የተናቀ ዕውቀት ደግሞ ትምህርት ቤት አይገባም፤ ከባለቤቱ ጋር ያረጃል።

በሌላ በኩል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአውሮፓና በአሜሪካ የተስፋፋው የክሮም ማልፋት ዘዴ፣ በዕፅዋት ሲሠራ ሳምንታትና ወራት ይፈጅ የነበረውን ሥራ ወደ ቀናት አሳጠረው። የሀገራችን ፋብሪካዎችም ይህን ዘዴ ያዙ። ስማቸውን በዓለም ያስጠራው ግን በዋናነት የበግና የፍየል ሌጦ ነው፤ የደጋ በጎቻችን ሌጦ ለእጅ ጓንት፣ የባቲ ፍየል ሌጦ ለጫማና ለልብስ ይፈለጋል። ሌጦው ቀጭንና ትንሽ ስለሆነ ለሶፋ አይሆንም። ለመቀመጫ ከ1 እስከ 1.4 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ሰፊ የከብት ቆዳ ያስፈልጋል፤ ያለዚያ መቀመጫው በስፌት ይሞላል፣ ስፌት የበዛበትም ቶሎ ይቀደዳል።

እዚህ ላይ የእኛ አካባቢ ዕድል ይታያል። በመስቀል በየጉራጌው ቤት፣ በዐረፋም በቡታጅራና በአካባቢው ስንት ሰንጋ እንደሚታረድ ታውቃላችሁ። ነገር ግን ዐራጁ ስለ ሥጋው እንጂ ስለ ቆዳው አይጨነቅም፤ ቢላው ቆዳውን ይበሳዋል፣ ጨውም በሰዓታት ውስጥ ስለማይነካው መበስበስ ይጀምራል። በቅርብ ዓመታትማ ዋጋው ወድቆ የበዓል ቆዳ መንገድ ዳር ሲጣል አይተናል። በ2000 ዓ.ም. መንግሥት ጥሬና በከፊል ያለቀለት ቆዳ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ከባድ ቀረጥ የጣለው እሴቱ በሀገር ውስጥ እንዲጨመር ነበር። ይሁንና እሴት የሚጨመረው በፋብሪካው በር ሳይሆን በዐራጁ ቢላ ላይ መሆኑን ዘነጋን።

ያለፈውን ማሞገስ ብቻም ተገቢ አይደለም። የጠፍር አልጋ የትኋን መጠለያ ነበር፤ ውኃ ሲነካውም ይረግባል። ሰው ሠራሹም ርካሽ ነው፤ ደመወዙ አነስተኛ የሆነ ወጣት ቤት ሲመሠርት ቢገዛው አይነቀፍም። የሚነቀፈው ሳያውቅ መግዛቱ ነው። ስለዚህ የአያቶቻችንን ሥርዓት ወደ ዛሬው ሶፋ ላሸጋግር። ገላ የሚነካው፣ ማለትም መቀመጫውና የእጅ መደገፊያው፣ የጸጉሩ ወገን ገጽ ካልተነሣለት የከብት ቆዳ ይሁን፤ ጥንካሬው ያለው በዚያ ጥቅጥቅ ባለ ገጽ ነውና። ከሥሩ ተሰንጥቆ የወጣውና ቀለም የተቀባው ቆዳ ወይም ሰው ሠራሹ በጀርባና በጎን ቢገባ ወጪ ይቀንሳል፣ ጉዳትም የለውም። ቡና በሚፈስበትና ሰው በሚበዛበት ካፌ ገጹ በቀለም የተሸፈነ ቆዳ ይመረጣል፤ በጨርቅ ይጠረጋልና። ለመኖሪያ ቤት፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታበት ቦታ፣ ያልተሸፈነው ለስላሳ ቆዳ ያምራል። ሻጩ የተቆረጠውን ጠርዝ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ቆዳ ከሆነ የተጠላለፈ ጭረት፣ ሰው ሠራሽ ከሆነ ጨርቅ ታያላችሁ።

በመጨረሻም ለተማሪዎቼ አንድ አደራ። ዛሬ የጠራኋቸው ስሞች የአማርኛ ናቸው። በአያቶቻችሁ ቤት በየጉራጊኛው የሚነገሩት የቆዳ፣ የመሣሪያና የሥራ ደረጃ ስሞች በአብዛኛው የሚገኙት ባረጁ ሰዎች አፍ ነው። ለመስቀል ወደ አገር ቤት ስትገቡ ሥጋውን ብሉ፣ መርቁ፣ ተመረቁ። ከዚያም ወደ ቆዳ ባለሙያው ደጅ ሂዱ፤ በአክብሮት ተቀምጣችሁ ጠይቁት፤ ስሙንና የእጁን ሥራ አብራችሁ መዝግቡ። ያን ጊዜ በገበያው ላይ «ሌዘር ነው?» ከማለት ወጥተን «የትኛው ቆዳ ነው?» ብለን መጠየቅ እንጀምራለን።