ፊልሙን ያላየው ሌባ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2005 አንድ ሌባ በአሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ የሚገኘውን የጁዲ ጋርላንድ ሙዚየም በር በመዶሻ ሰብሮ ገባና አንድ ጥንድ ቀይ የሴት ጫማ ይዞ ጠፋ። ጫማው ላይ የሚያብረቀርቀው እውነተኛ ሩቢ መስሎት ነበር። የሌባ ዕቃ ተቀባዩ ግን ተራ ብርጭቆ መሆኑን ነገረው፤ ሰውየውም ሁለት ቀን ሳያቆየው ለሌላ ሰው አሳልፎ ሰጠው። ጠበቃው በኋላ እንደተናገረው «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» የተባለውን ፊልም አይቶት አያውቅም።

ጫማው በርግጥም ተራ ነበር። ቀይ የተቀባ ጫማ፣ ላዩ ላይ የዓሣ ቅርፊት የሚመስሉ ጥቃቅን አብረቅራቂ ነገሮች የተሰፉበት። በፍራንክ ባውም መጽሐፍ ውስጥ ጫማው የብር ነበር። በ1939 ፊልሙ ሲሠራ ግን ለቴክኒከለር ቀለም እንዲያምር ቀይ አደረጉት። ጁዲ ጋርላንድ ዶሮቲን ሆና ስትጫወት ያጠለቀችው እሱን ነው።

የፊልሙ ባለቤት ኤም ጂ ኤም ራሱም ከሌባው ብዙ አይሻልም፤ በ1970 የመጋዘኑን አልባሳትና ቁሳቁስ በጨረታ ሸጠ። በዚያ ጨረታ አንድ ጥንድ 15,000 ዶላር አወጣ። ይኸው ጥንድ በ1979 ለስሚዝሶኒያን ተቋም ተበረከተ። ተመልካቹ ከመብዛቱ የተነሣ ከጫማው ፊት የተነጠፈው ምንጣፍ እያለቀ በተደጋጋሚ ተለውጧል። በ2016 ሙዚየሙ ለጫማው እንክብካቤ ሕዝቡን ገንዘብ ቢጠይቅ ከ6,000 በላይ ሰዎች ከ300,000 ዶላር በላይ አዋጡ። ለአሮጌ ጫማ! እኔ ግን አልፈርድባቸውም፤ በልጅነቱ ያየው ፊልም አብሮት ያደገ ሰው የሚከፍለው ለቆዳው አይደለም።

የተሰረቀው ጥንድ በ2018 በኤፍ ቢ አይ እጅ ገባ። ሌባው ጥፋቱን ያመነው በ2023 ሲሆን፣ በጠና ታሞ ስለነበር በጃንዋሪ 2024 ያለ እስራት ተለቀቀ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ጫማው ለጨረታ ቀርቦ ከነኮሚሽኑ 32.5 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።

ይሁንና አንድ ነገር ሳይስተካከል ቀርቷል። የተገኘው ጫማ በ2018 ለምርመራ ስሚዝሶኒያን በቀረበ ጊዜ፣ ባለሙያዎቹ ከራሳቸው ጋር ሲያስተያዩት ሁለቱ ጥንዶች ተቀያይረው ኖረዋል። የሙዚየሙ ግራ እግር የዚያኛው ቀኝ ጓደኛ ነው፤ የዚያኛውም ግራ የሙዚየሙ ቀኝ። አሁን አንዱ ጥንድ ዋሽንግተን ነው፤ ሌላውን ገዢው ወስዶታል።