ከመድፍ የተሠራ ደወል

በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ያለው ታላቁ ካቴድራል ስለ ደወሎቹ ሊነገር የሚገባው ታሪክ አለው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1870 እና በ1871 በተደረገው ጦርነት ከፈረንሳይ ከተማረኩት መድፎች 22ቱን ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ዊልሄልም ለካቴድራሉ ሰጡ። ነሐሱም ቀልጦ፣ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ሳይቃና ቀርቶ፣ በሦስተኛው በ1874 ዓ.ም. 27 ቶን ያህል የሚመዝን ደወል ሆነ። እርሱንም ለመደወል 28 ሰዎች ገመድ ይስቡ ነበር።

ነገር ግን ምእመናንን ለጸሎት ሲጠራ የኖረው ይህ ደወል፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ በ1918 ዓ.ም. ተሰባብሮ ወረደና ለጦር መሣሪያ ተሰጠ። ከመድፍ ወጥቶ ወደ መድፍ ተመለሰ።

በ1923 ዓ.ም. በቅዱስ ጴጥሮስ ስም የተጠራ፣ 24 ቶን ያህል የሚመዝን ሌላ ደወል ተሠራ፤ ከሁለተኛውም የዓለም ጦርነት ተርፎ በታላላቅ በዓላት ድምፁን ያሰማል። ነሐሱ ያው ነሐስ ነው፤ መድፍ ወይም ደወል የሚያደርገው የሰው ልብ ነው።