ወንዱ ቡኒ፣ ሴቷ ነጭ

እኛ የእሳት እራት ብለን ስም ያወጣንለት ከአሟሟቱ ተነስተን ነው፤ መብራት ካየ ሄዶ ይገባበታል፣ በቃ። ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ ግን እ.ኤ.አ. በ1758 ለአንዱ ዝርያ ስም ሲያወጣ ሌላ ነገር ነው ያየው። «ዲስፓር» አለው፤ በላቲን «የማይመሳሰል» እንደማለት። የማይመሳሰሉት ወንዱና ሴቷ ናቸው።

ለመለየት ማይክሮስኮፕ አያስፈልግም። ወንዱ ቡኒና ቀጠን ያለ ነው፣ አንቴናው ላባ ይመስላል። ሴቷ ነጣ ያለች ናት፤ ክንፏ ላይ ጠቆር ያለ ዚግዛግ መስመር አላት፣ ሆዷ በእንቁላል የከበደ፣ አንቴናዋ ክር የመሰለ። የአውሮፓዋ ሴት ክንፍ እያላት አትበርም። ተቀምጣ ጠረን ትለቃለች። የወንዱ ላባ ያንን ጠረን ከሩቅ መልቀሚያ ነው።

ይሄ ልዩነት ቁም ነገር የሆነው አሜሪካ ውስጥ ነው። ኤትየን ትሩቭሎ የተባለ ፈረንሳዊ ሰዓሊ በ1860ዎቹ መጨረሻ ዝርያውን ከአውሮፓ አምጥቶ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ ሜድፎርድ በሚገኘው ቤቱ ያረባ ጀመር። ጥቂቶቹ አመለጡ። ኮድ ጽፎ ለሚኖር እንደኔ ላለ ሰው፣ ሙከራው ሳይታሰብ ፕሮዳክሽን ገባ ማለት ነው፤ ያውም መመለሻ በሌለበት። ትሩቭሎ ፊቱን ወደ ሰማይ አዙሮ ፕላኔቶችን በመሳል ታወቀ። ከተማዋ ግን በ1889 በአባጨጓሬ ተወረረች፤ ዛፎቿ ቅጠል አልባ ቀሩ።

ግዛቱ በ1890 የማጥፋት ዘመቻ ጀመረ። እንቁላል ተለቀመ፣ መርዝ ተረጨ። ሌድ አርሰኔት የተባለው ፀረ ተባይ የተወለደው በዚሁ ዘመቻ ነው፤ ከዚያ ወደ ፖም እርሻዎች ተዛመተ። እርሳሱና አርሴኒኩ ዛሬም በአንዳንድ የድሮ እርሻዎች አፈር ውስጥ አለ። በ1900 በጀቱ ሲቋረጥ ደግሞ ተባዩ ተመልሶ ተስፋፋ።

ሌላው መንገድ እኮ ሊኒየስ ባወጣው ስም ውስጥ ነበር፦ ወንዱ በጠረን የሚመራ ከሆነ፣ በጠረን ማታለል ይቻላል። በ1970 ተመራማሪዎች ኬሚካሉን ለይተው «ዲስፓርሉር» አሉት። ዛሬ ይህ ጠረን ያለበት ወጥመድ ዛፍ ላይ ይሰቀላል፤ ወንድ ከተያዘበት ተባዩ አካባቢው ደርሷል ማለት ነው። ጫካ ላይ ሲረጭ ደግሞ ወንዶቹ ሴቷ የት እንዳለች ይጠፋባቸዋል።

ወጥመዱ የሚይዘው ግን ወንዱን ብቻ ነው። ግንድ ላይ ነጯን ካያችሁ ነገሩ ከፍ ያለ ነው። በርራ አልመጣችም፤ ወይ እዚያው አድጋለች፣ ወይ ሰው ጭኖ አምጥቷታል።