በጨው መነስነሻ የተጀመረው ማሽን

የቀድሞ ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ይሄ ስሪዲ ፕሪንተር የሚባለው እንዴት ነው የሚሠራው?» እያላችሁ በኢንቦክስ ትጠይቁኛላችሁ። ብዙዎቻችሁ በቪዲዮ ያያችሁት የፕላስቲክ ክር እያቀለጠ የሚደራርበውን ነው። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ በዱቄት ስለሚሠራው ነው። ታሪኩ ይበልጥ ይጥመኛል፤ ሐሳቡ የመጣለትም ገና የ20 ዓመት ልጅ ሳለ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ልጁ ካርል ዴካርድ ይባላል። በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነበር። በ1981 በእረፍቱ ሂውስተን ውስጥ ለነዳጅ ቁፋሮ ዕቃ የሚያመርት ድርጅት ገብቶ ሠራ። እዚያ ንድፉ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል፤ ብዙው ዕቃ ግን የሚወጣው ቀልጦ በሚፈስ ብረት ነው። ብረቱ ከመፍሰሱ በፊት ደግሞ አንድ ባለሙያ ሞዴሉን በእጁ መቅረጽ አለበት። (የኛ አንጥረኛ መስቀል ሲሠራም መጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፣ ጭቃ ያለብሰዋል፣ ሰሙን አቅልጦ ያወጣና በቦታው ወርቁን ያፈሳል። አማርኛ ክፍል የተማራችሁት «ሰምና ወርቅ» ከዚሁ ሥራ የመጣ ስም ነው።) ዴካርድን ያሳሰበው ይሄ ነው፦ ንድፉ ኮምፒውተር ውስጥ ካለ፣ ሞዴሉን ማሽኑ ራሱ ለምን አይሠራውም?

መልሱ ዱቄትና ሌዘር ሆነ። በ1984 ሁለተኛ ዲግሪውን ሲጀምር ሐሳቡን ይዞ ጆ ቢማን ወደሚባል ወጣት አስተማሪ ሄደ። ቢማንም ተቀበለው። እንደ አስተማሪ ይቺን ቦታ ሳላደንቅ አላልፍም፤ «መጀመሪያ ኮርስህን ጨርስ» ማለት ይቀለው ነበር።

የመጀመሪያው ማሽን ቢታይ ያስቃል። 100 ዋት ሌዘር፣ ኮምዶር 64 የሚባል የቤት ውስጥ ጌም መጫወቻ ኮምፒውተር፣ ዱቄቱን ደግሞ ዴካርድ ራሱ የጨው መነስነሻ በሚመስል ነገር በእጁ ይነሰንሳል! የወጣውም ዕቃ ጥርብ የፕላስቲክ ቁራጭ ነበር። ግን ሐሳቡ እንደሚሠራ አሳየ። ከአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን 30,000 ዶላር ድጋፍ ተገኘ፤ በ1986 የፓተንት ማመልከቻው ገባ።

እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ የእሱ ብቻ አልነበረም። ሮስ ሃውስሆልደር የሚባል ሰው ተመሳሳይ ነገር ጽፎ በ1981 ፓተንት ወስዶበታል። የሱ ግን ማሽን ሆኖ ገበያ አልወጣም።

አሁን ወደ አሠራሩ። ሳጥን ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚል ወለል አለ። በላዩ ሮለር የናይለን ዱቄት በስሱ ይዘረጋል፤ ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የወረቀት ያህል። ሌዘሩ የዕቃውን የመጀመሪያ ቁራጭ ቅርጽ እየተከተለ ያሞቃል፤ የነካቸው ፍሬዎች ብቻ ተለስልሰው ይጣበቃሉ። ወለሉ በዚያችው 0.1 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል፣ አዲስ ዱቄት ይዘረጋል፣ ሌዘሩ ይደግማል። እንዲህ እያለ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠር ንብርብር ይሠራል።

ችግሩ፣ የጋለ ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ጠርዙም ወደ ላይ ይጠቀለላል። መፍትሔው ሳጥኑን በሙሉ ከመቅለጫው ትንሽ ዝቅ ባለ ሙቀት መያዝ ነው (ለናይለን 170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ)። ሌዘሩ የቀረችዋን ትንሽ ሙቀት ብቻ ይጨምራል። ሥራው ሲያልቅም ወዲያው አይከፈትም፤ ቀስ ብሎ እስኪበርድ ሰዓታት ይጠበቃል።

ለኔ ትልቁ ነገር ግን ሌዘሩ ያልነካው ዱቄት ነው። ዕቃውን ከሥርና ከጎን ደግፎ ይይዘዋል። በክር የሚሠራው ፕሪንተር አየር ላይ ለሚንጠለጠል ክፍል ምሰሶ ማቆም አለበት፤ እዚህ ግን ዱቄቱ ራሱ ምሰሶ ነው። ስለዚህ እርስ በርሱ የተያያዘ ሰንሰለት እንኳ በአንድ ጊዜ መሥራት ይቻላል። በመጨረሻ ዱቄቱ ይራገፋል፤ የተረፈውም ከአዲስ ጋር ተቀላቅሎ እንደገና ይሠራበታል።

በማሳቹሴትስ፣ ኤምአይቲ ውስጥ ደግሞ ኢማኑኤል ሳክስና ጓደኞቹ ሌዘሩን ትተው በ1989 ሌላ መንገድ ይዘው መጡ። እንደ ቀለም ፕሪንተር የሙጫ ጠብታ ዱቄቱ ላይ መርጨት! ስኳር ዕቃ ውስጥ የውሃ ጠብታ ሲገባ ስኳሩ እንዴት እንደሚጓጉል አስቡት። «ስሪዲ ፕሪንቲንግ» የሚለው ስም የመጣው ከነሱ ሥራ ነው፤ ዛሬ ለሁሉም ዓይነት ሆነ እንጂ።

ወደ ዴካርድ ስንመለስ፣ ኩባንያው ዲቲኤም ጉድሪች ከተባለው ድርጅት ገንዘብ አግኝቶ በ1992 ማሽኑን ለገበያ አወጣ። በ2001 ተፎካካሪው ስሪዲ ሲስተምስ ገዛው። ፓተንቱ ባይኖር ጉድሪች ገንዘቡን የሚያወጣ አይመስለኝም። ግን ያው ፓተንት ማሽኑን ለረጅም ዓመታት የትልልቅ ፋብሪካዎች ብቻ አድርጎት ቆየ። ከዴካርድ ፓተንቶች ዋነኛ የሚባለው ያበቃው በ2014 ነው። ከዚያ በኋላ ትንንሽ ኩባንያዎች ገቡ፤ በ2017 ፎርምላብስ ከ10,000 ዶላር በታች የሚሸጥ ማሽን አስተዋወቀ። እኔ የማውቃቸው የትምህርት ቤት ወርክሾፖች ይህንንም አይችሉትም። ዴካርድ በ2019 በ58 ዓመቱ አርፏል፤ የርካሾቹን መምጣት ግን አይቷል።

የብረት ዱቄቱን ጉዳይ ሳምንት እመለስበታለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።