ደጋ አጋዘን፤ የባሌ ተራሮች ባለግርማ

ከአፍሪካ ታላላቅ አራዊት መካከል ለሊቃውንተ ሥነ ፍጥረት እጅግ ዘግይተው ከታወቁት አንዱ የሆነውና ከኢትዮጵያ ምድር በቀር መኖሪያ የሌለው ደጋ አጋዘን፣ በለንደን መዝገብ የሰፈረው የአርሲና የባሌ ባላገር ገደምሳ እያለ ሲጠራው ከኖረ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። አይቮር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ የጦር መኮንን በ1900 ዓ.ም. ገደማ ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ካሉት ተራሮች ላይ አንድ አጋዘን ተኩሶ ጣለ፤ የሥነ ፍጥረት ሊቁ ሪቻርድ ላይዴከርም ግዳዩን መርምሮ ራሱን የቻለ ዘር መሆኑን ከመሰከረ በኋላ በገዳዩ ስም ሰየመው። በእኛ አገር ገዳይ ይፎክራል፣ ይዘፈንለታል እንጂ አውሬው በገዳዩ ስም ሲጠራ አልተሰማም።

ማለዳ ጉሙ ሳይገፈፍ በባሌዋ ዲንሾ ጥዶች ሥር ለሚጠባበቅ ሰው፣ ክብደቱ እስከ 300 ኪሎ የሚደርሰው ወንዱ፣ ጥምዝ ቀንዱን ወደ ኋላ አጋድሞ፣ በአንገቱ ላይ ያሉትን ሁለት ነጫጭ ምልክቶች እያሳየ በዝግታ ሲወጣ ማየት ከግርማው የተነሣ ቃል ያሳጣል። እንስቲቱ ቀንድ የላትም፤ ስምንት ወር ያህል አርግዛ የምትወልደውም አንድ ግልገል ብቻ ስለሆነ፣ መንጋው አንድ ጊዜ ከሳሳ መልሶ የሚተካው በብዙ ዓመት ነው።

በ1950ዎቹ ሌስሊ ብራውን የተባለው ተመራማሪ አገሩን ዞሮ ካጠና በኋላ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እንዲከለል አሳሰበ፤ ፓርኩም በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ። በ1969 ዓ.ም. አጋዘኑ በአሥር ሳንቲም ላይ ተቀረጸ፤ በገጠርም በከተማም ገበያተኛው ሁሉ፣ በአካል ያላየውን ፍጥረት ምስል በመቀነቱ ቋጥሮ ዞረ።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ግን የጥበቃ ኬላዎቹ ፈረሱ፤ መሬቱ ያለ ፈቃዱ የተከለለበት ባላገርም የቆየ ቂሙን በአጋዘኑ ተወጣ፣ በፓርኩ ውስጥ ያለው የጋይሳይ ሜዳም ለጊዜው ባዶ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ድርጊቱን ባልደግፍም፣ ግጦሹን ለተነጠቀ ሰው የፓርኩ ሕግ የባዕድ ሕግ ሆኖ ቢታየው አይፈረድበትም። የተረፉት በዲንሾው የፓርኩ መሥሪያ ቤት ዙሪያ ባለው የጥድ ደን ተጠልለው ቀስ በቀስ በዙ፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ፓርኩ በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብም ከመታወቂያዎቹ አንዱ ይኸው እንስሳ ነበር። በሐረርጌ በቁኒ ሙክታር ግን ስለ እርሱ ተብሎ የተከለለው ደን ከእርሻና ከማገዶ ቆራጭ ስላላመለጠ፣ የዚያ አገር አጋዘን ከባሌ ወገኖቹ ተነጥሎ በጥቂት ተረተሮች ላይ ብቻ ቀርቷል።