ፌሊክስ ግራንዲ፤ የፍርድ ቤቱን ደጅ ያቀረበውና የዘጋው ጠበቃ

ፍርድ ቤት ከባለጉዳዩ በራቀ መጠን ፍርዱም አብሮ ይርቃል። ከአሜሪካ ጠረፍ ከተነሡት የቀድሞ ጠበቆች አንዱ የሆነው ፌሊክስ ግራንዲ ስሙን ያተረፈው ይህን እውነት ይዞ በመከራከር ነው።

ግራንዲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1770ዎቹ በቨርጂኒያ ተወልዶ በኬንተኪ አደገ። አገሩ ሰፋሪዎችና ነባሮቹ ሕዝቦች የሚዋጉበት ጠረፍ ስለ ነበረ ወንድሞቹን በዚሁ ጦርነት አጥቷል። ስመ ጥር በነበረው የሕግ ሰው በጆርጅ ኒኮላስ ዘንድ ሕግ አጥንቶ ጠበቃ ከሆነ በኋላ፣ በ1799 የኬንተኪን ሁለተኛ ሕገ መንግሥት ያወጣው ጉባኤ አባል ሆነ፤ ወዲያውም ለምክር ቤት ተመረጠ።

በዚያን ጊዜ ከበድ ያሉ ክርክሮች የሚሰሙት በጥቂት የአውራጃ ፍርድ ቤቶች ብቻ ነበር። ገበሬው እርሻውን ትቶ፣ ስንቁን ቋጥሮ፣ ምስክሮቹን አስከትሎ ረጅም መንገድ መጓዝ ነበረበት። ግራንዲ በመሪነት የተሟገተለት የ1802 ሕግ በየካውንቲው እየተዘዋወረ የሚያስችል ፍርድ ቤት አቋቋመ። ከዳኛው ጋር የሚሰየሙት ሁለት ረዳቶች ግን ሕግ የተማሩ እንዲሆኑ አላስገደደም። አገረ ገዢው ጄምስ ጋራርድ ሕግ ያልተማረ ሰው በዳኝነት መቀመጡን ነቅፎ ሕጉን ሳያጸድቅ መለሰው፤ ምክር ቤቱ ግን በድጋሚ ድምፅ ሰጥቶ አጸደቀው። የቅርበትና የዕውቀት ሙግት እስከ ዛሬም ለሕግ ሰዎች እንግዳ አይደለም።

ግራንዲ በ1807 የኬንተኪ ከፍተኛ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ሹመቱን ትቶ ወደ ናሽቪል፣ ቴነሲ ተሻገረ፤ በወንጀል ጉዳዮች ተከላካይነቱም ዝናው ናኘ። በ1811 የአሜሪካ ምክር ቤት ገብቶ ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት እንዲከፈት ከወተወቱት አንዱ ሆነ። የ1819 የገንዘብ ቀውስ ባለዕዳውን ገበሬ ባስጨነቀ ጊዜም በቴነሲ ምክር ቤት የዕዳ ማስፈጸሚያውን ጊዜ የሚያራዝም ሕግ አስወጣ። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ጄምስ ፖልክ ሕግ ያጠናው በእርሱ ቢሮ ነው።

በ1838 ግራንዲ የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ተሾመ። በተከታዩ ዓመት፣ ከአፍሪካ ተሰርቀው ወደ ኩባ የተወሰዱ ሰዎች አሚስታድ በተባለችው መርከብ ላይ ዐምፀው በአሜሪካ ጠረፍ ተያዙ። የስፔን ወረቀቶች በኩባ የኖሩ ባሮች ናቸው ይላሉ፤ ሰዎቹ ግን የሚናገሩት የምዕራብ አፍሪካን ቋንቋ ነበር። ራሱም ባሪያ አሳዳሪ የነበረው ግራንዲ፣ የአሜሪካ ፍርድ ቤት የወረቀቶቹን እውነተኛነት ሊመረምር አይገባውም፤ ሰዎቹም በ1795ቱ ውል መሠረት ለስፔን ወገን ይሰጡ ሲል የሕግ አስተያየቱን ጻፈ። ገበሬው ለምስክሮቹ እንዳይቸገር ችሎቱን ወደ መንደር ያቀረበ ሰው፣ እነዚህ ሰዎች የገዛ ቃላቸው እንኳ ሊመዘን አይገባም አለ።

ጉዳዩ በዚያ አላበቃም። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ጆሴፍ ስቶሪ በመጋቢት 1841 ባነበበው ፍርድ፣ ወረቀቶቹ በማታለል የተገኙ መሆናቸው ተረጋግጦ ሰዎቹ ነጻ ወጡ። ግራንዲ ይህን አልሰማም፤ በታኅሣሥ 1840 በናሽቪል ሞቶ ነበር። የጠረፉ ጠበቃ ታሪክ ሁለቱንም ይዟል፤ በ1802 ለጎረቤቱ የከፈተውን ደጅና በ1839 ለባዕዱ የነፈገውን።