ዜና ቅባኑግ ዘይፋግ ወዘፎገራ

ዘርን ከምድር፣ ቅባትን ከዘር በሚያወጣ በእግዚአብሔር ስም የይፋግንና የፎገራን የቅባኑግ ዜና እንጽፋለን። የነገሥታቱን ዘመቻና ሹመት ጸሐፍተ ትእዛዝ አስፍረውታል፤ የጾመኛን ወጥ ያጣፈጠችው እህል ግን ዜናዋ ከእነርሱ ያነሰ አይደለም።

በ1762 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ዳግማዊ ዐፄ ተክለ ሃይማኖት በጎንደር ነግሠው ራስ ሚካኤል ስሑል አገሩን ሲያዝዙ፣ ጀምስ ብሩስ የተባለ የስኮትላንድ ሰው መጣ፤ በይፋግ አቅራቢያ ወዳለችው ወደ እንፍራዝም ወረደ። ከዚህም በኋላ ኑግ በፈረንጅ ሊቃውንት ዘንድ ታወቀች፤ የሳይንስ ስሟም ጊዞቲያ አቢሲኒካ ተባለ። ይፋግም በ19ኛው መቶ ዘመን የአሞሌ ጨው ነጋዴ የሚያርፍባት ታላቅ ገበያ ነበረች።

የፎገራ ሜዳ ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው ይተኙበታል። ብዙ አዝመራ ውሃ ሲያቁርበት ይጠወልጋል፤ ኑግ ግን ትችለዋለች። በመስከረምና በጥቅምት ማሳው ብጫ ይለብሳል፤ ንብም ይሰፍርበታል። የኑግ አበባ በራሱ ዱቄት አያፈራምና ንብ ካልጎበኘው ፍሬው ይሳሳል፤ ንቡም በፈንታው የኅዳርን ማር ይሰጣል።

የአገሩ ሴቶች ቅባቱን እንዲህ ያወጡ ነበር። ኑጉን በምጣድ ያምሱታል፤ እንዳያርም ደጋግመው ያማስሉታል። በሙቀጫ ወቅጠው ካላሙት በኋላ ሙቅ ውሃ እየጨመሩ ያሹታል፤ ቅባቱ ከላይ ሲጠል በጭልፋ እየገፈፉ ይቀዱታል። የሚበላው ልጥልጥም የሚሠራው ከዚያው ከታመሰው ኑግ ነው። መጭመቂያ በመጣ ጊዜ ደግሞ ተጨምቆ የቀረው ፋጉሎ ለላም ሆነ፤ በወተቷ የታወቀችው የፎገራ ላምም ከኑጉ ተካፈለች።

በዘመነ ደርግ በ1980 ዓ.ም. ገደማ የእርሻ ተመራማሪዎች የተሻሻለ የኑግ ዘር ለገበሬ ለቀቁ፤ ስሙንም ፎገራ-1 አሉት። በዚያው በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ የመጡ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ ማኅበራት ሩዝን ሞከሩ። ሩዝም ውሃውን ወደደ፤ ዓመት በዓመት ሰፋ፤ የገበሬውን ኪስ ሞላ፤ የፎገራዋ ወረታም የሩዝ ከተማ ሆነች። ኑግም ከሜዳው እየለቀቀች ወደ ዳገቱ ሸሸች። በገበያም ከባሕር ማዶ የሚመጣው የፓልም ዘይት ጀሪካን የቅባኑግን ቦታ ያዘ።

በ2013 ዓ.ም.፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በጎጃም ቡሬ ላይ ፊቤላ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ደብሊው ኤ የተባሉ ታላላቅ የዘይት ፋብሪካዎች ተመረቁ። ነገር ግን ፋብሪካ ብረት ነው፤ ዘይት የሚሆነው የገበሬው ኑግ ነው። ገበሬም የሚዘራው የሚያዋጣውን ነው፤ ሩዝን የመረጠው ሩዝ ስለከፈለው ነውና አይወቀስም።

ስለዚህ ይህን ዜና የምትሰሙ ሹማምንትና ነጋዴዎች ሆይ፣ ሩዙ በሜዳው ይክበር፤ ለዳገቱ ኑግ ግን ጥሩ ዘር በጊዜው ይድረስ፤ ዋጋውም ከመዝራት በፊት ይቆረጥ፤ ፋጉሎውም ለከብቱ ይመለስ። ይህ ቢደረግ ስሟን ለኑግ ዘር የሰጠች ፎገራ ቅባት ከባሕር ማዶ አትጠብቅም።